ሰብረሽ በይው

ገንዳ ውሃን «የኮሌጅ ከተማ» ብዬ ስጠራት ጎንደር የተማሩ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ሙቀት፣ የነርስ ተማሪዋ፣ የትራክተር ሾፌሩና የሰሊጥ ነጋዴው አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ባንድ ሲሰሙ አላዩም። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ሦስት ባንድ ነበር። ባንድ ስላችሁ ግን ብዙ ነገር እንዳይመጣባችሁ፤ የእኛው ባንድ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ስፒከርና እኔ ነበርን።

ዝናሽ እባላለሁ። የተወለድኩት ወሎ፣ ደላንታ ነው። ወደ ቆላው የወረድኩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሰሊጥ ለማረም ነበር። እሱ ወባው ሲደጋገምበት ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁና ኮሌጅ ገብቼ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ጀመርኩ። ባንዱ ውስጥም የገባሁት ለድምፄ ተብሎ አይደለም። ስፒከራቸው ተበላሽቶ ጠግኚልን አሉኝ፣ ጠገንኩት፣ መሥራቱን ለማየት ማይክ ይዤ የአገሬን ዜማ ትንሽ ሳንጎራጉር ከበሮ መቺው ሞላ ዱላውን ጣለ።

«ያ ዞል! ይችን ልጅ ከሽቦ ጋር ምን አዋላት?» አለ። ሞላ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ላይ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሰውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዞል»፣ «አንተ ሰው» ነው የሚለው፤ ወንድ ሴት አይለይም።

ኪቦርዱን የሚጫወተው ማሩ ነበር። የኮኪት ልጅ ነው፣ እዚያው ኮሌጅ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ይማራል። ዝምተኛ ነው። ጣቱ ግን የሱዳን ምት እየመታ ቆይቶ፣ ሰው ሳያውቀው ወደ ጎንደር እስክስታ ሲያሻግረው ቁጭ ያለ አይቀርም። ፍቅረኛሞች አልነበርንም። ሰው እንደዚያ ያስብ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው እንደዚያ ማሰቡ ቅር አይለኝም ነበር።

አንድ ቀን ስለ ቤተሰብ ስናወራ እህት ወንድም እንዳለው ጠየቅኩት።

«አንድ ወንድም ነበረኝ። አዳነ ይባላል። አሁን ማዶ ነው» አለኝ።

መተማ ላይ ማዶ ማለት ሱዳን ነው። ገላባት ከድልድዩ ወዲያ ነው ያለችው፣ ሰው ሁሉ «ማዶ ሄደ፣ ከማዶ መጣ» ነው የሚለው። ያን ሰሞን ደግሞ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት። እኔም አዘንኩና «ስልክ ይሠራለታል?» ብዬ ጠየቅኩት። ማሩ ሳቀና «አይሠራለትም» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሙ አንስተን አናውቅም።

እንግዲህ የእኔን ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሥራ ሰሚው «ተቀበይ» ካለ ግጥም ሊሰጥ ነው። ይነግርሻል፣ አንቺ በዜማ ትመልሽለታለሽ። ብዙ ዘፋኝ ግማሹን ይረሳል፣ ቤት ይሰብራል፣ ከራሱ ይጨምራል። እኔ አንድ ጊዜ ከሰማሁ ቃል አላዛንፍም። ሰው «ዝናሽ የሰጧትን አታበላሽም» ይለኝ ነበር። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ያኔ ከመላ ሰውነቴ ጆሮዬን የሚያህል የምወደው ነገር አልነበረም።

ጥር ላይ ኮኪት ውስጥ ሰርግ ተጠራን። ሞላ ለሌላ ባንድ እንስጠው አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ ማሩን ማሩን እያየ ነበር የሚናገረው።

«አይሆንም፣ እኔ መሄድ አለብኝ» አለ ማሩ። «እኔ ካልተጫወትኩ ሰው ሌላ ነገር ያስባል።»

ሁለቱም የአገሩ ልጆች ናቸው፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ። እኔ የሰማሁት ሥራ እንዳገኘን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ደረስን። ዳሱ በሸራ የተሠራ ነው፣ ሙቀቱ አንገት ያንቃል። ስፒከሩ እንዳይግል ከኋላው እርጥብ ጆንያ አድርጌ ዘፈኑን ጀመርን። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። ማሩ ከሌላ ቀን የበለጠ ይጫወት ነበር። ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከዳሱ በር ላይ አንድ ከል የለበሱ ሴት ቆሙ።

ሰዉ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እንደዚያ ዓይነት አነሣስ ለጳጳስ ካልሆነ አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። «እሰይ! እማማ የሺ መጡ! እግዜር ይመስገን!» ይላሉ። የሙሽራዋ አባት ራሱ ሄዶ እጃቸውን ይዞ ከፊት አስቀመጣቸው።

«ማን ናቸው?» አልኩት ማሩን።

«እናቴ ናት» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታም ፍርሃትም ነበር። «ከሐዘን በኋላ ሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ዛሬ መጣች፣ ዝናሽ። መጣች።»

ከየትኛው ሐዘን በኋላ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ባላቸው ሞተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቅ ኖሮ፣ አንድ ብቻ።

እማማ የሺ የቀረበላቸውን ምግብ አልነኩም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ልጃቸውን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ መጡ። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ደርቋል። ለአክብሮት ጎንበስ አልኩላቸው።

«አንች ነሽ ወሎየዋ?»

«አዎ እማማ።»

«ልጄ ያወራልኛል። የሰጡሽን አታበላሽም አሉ።»

«ይሞክሩኝ» አልኳቸው እየሳቅኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ይሞክሩኝ።

«እንግዲያ ተቀበይ» አሉና በጆሮዬ ነገሩኝ። ኪቦርድን የዚያ አገር ትልልቅ ሰው ኦርጋን ነው የሚለው።

ኦርጋኑን ሲነካ ማን ይስተካከለው፣
ወንድሙን ሳይመልስ እንዴት እንቅልፍ ጣለው?

ዓይኔ እንባ ሞላ። አንዱ ልጃቸው ሱዳን ጦርነት ውስጥ ቀርቷል፣ ሌላው እዚህ ሰርግ ያደምቃል፤ ምነው ወንድምህን ሄደህ ብትመልስልኝ እያሉ ነው ብዬ ተረዳሁ። የእናት ናፍቆት ነው። እንዲህ ያለ ግጥም ደላንታ ውስጥ ቢሰጥ ዳሱ በእንባ ይታጠባል። ማይኩን አፌ ላይ አስጠግቼ አልኩት።

እማማ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀሚሴን ሳብ አድርገው ወደ አፋቸው አስጠጉኝ።

«እንዲህ አይደለም። ሰብረሽ በይው። ‹ወንድ› በይና ቁሚ፣ ትንፋሽ ውሰጅ። ከዚያ ‹ድ›ን ደግመሽ እርገጫት።»

የቆላ አዘፋፈን ነው ብዬ አሰብኩ። በየአገሩ ቃል የሚጎተትበትና የሚሰበርበት ቦታ ይለያያል፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም በአገሩ ወግ በማለት ነው ስም ያወጣሁት። ሞላ እንዲከተለኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ሞላ ግን ከበሮውን አቁሞ አፍጥጦ ያየኛል። ደክሞት ነው አልኩ። ማሩ ብቻ እየተጫወተ ነበር። እንደታዘዝኩት ሰበርኩት፤ «ወንድ…» አልኩና ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ ከዚያ «…ደሙን ሳይመልስ» ብዬ ረገጥኩት።

አፌ ያለውን ጆሮዬ አልሰማም። እኔ ምት ነበር የምቆጥረው።

ዳሱ ጸጥ አለ። እጅ ወደ አፍ መሄዱን አቆመ። እኔ ደግሞ የዋህ፣ ነካኋቸው ብዬ፣ የስፒከሩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። ኮኪት ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ማሩ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ጣቱ አልተሳሳተም። ሲጨርስ ኪቦርዱን አጠፋና በጨርቅ ሸፈነው።

«ውሃ ልጠጣ» አለኝና በዳሱ ጀርባ ወጣ። እማማ የሺ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱና ከፊታቸው ካለው እንጀራ ቆርሰው ጎረሱ።

ክንዴን አንድ እጅ ያዘኝ። አባባ ታከለ ናቸው፣ የአካባቢው ሽማግሌ። ከዳሱ ውጭ እየጎተቱ ወሰዱኝ።

«አንች ልጅ፣ ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ?»

«ወንድሙን አልመለሰም ነው ያልኩት አባባ። ሱዳን ያለውን ወንድሙን።»

«ሱዳን?» አሉ። «አዳነ ሱዳን ምን ያደርጋል? አዳነ እዚህ ኮኪት ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ከተቀበረ ሦስት ዓመቱ።»

 የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ።

ሽማግሌው በችኮላ ነገሩኝ። አዳነን የገደሉት የሙሽራዋ አጎት አያ ዘለቀ ናቸው። የእርሻ ወሰን ላይ ተጣልተው፣ ትራክተር ገፍቶ ገባ አልገባም ተባብለው፣ ተኮሱበት። ሽማግሌ ገባ፣ ካህን ገባ፣ ማሩ ደም ላይመልስ መስቀል መትቶ ማለ። አያ ዘለቀም ከዚያ ወዲህ እማማ የሺ በሚደርሱበት ቦታ አይደርሱም። ዛሬ እንኳ የወንድማቸውን ልጅ ሰርግ ትተው እርሻቸው ላይ ማሽላ ያስወቃሉ።

«እሳቸውስ? እማማ የሺስ ምለዋል?» አልኩ።

አባባ ታከለ አንገታቸውን ደፉ። «ሴት ናት ብለን ተውናት። እሷን ያስማለ የለም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንድሙን ሳይመልስ። ወንድ ደሙን ሳይመልስ። አንድ ቃል ናት፣ ሰብሬ ለሁለት የከፈልኳት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኮኪት ውስጥ ማንም በአፉ ያልጠራውን ነገር በድምፅ ማጉያ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሞላ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ነበር።

«አታውቂም ነበር?» አለኝ።

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንድታውቂው አልፈለገም። ‹እሷ ጋ ስሆን የሟች ወንድም አይደለሁም› ይለኝ ነበር።»

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሩ ሰው ሳይገድል ማግኘት። ሞላ ከአንዱ ሚዜ ሞተር ተውሶ መጀመሪያ ወደ እማማ የሺ ቤት በረርን። በሩ ክፍት ነው። የእህሉ ጎተራ ተገፍቶ ከሥሩ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ጉድጓዱ ዳር ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጥሏል። ሞላ ጨርቁን አንሥቶ አሸተተና መልሶ ጣለው።

«የአዳነ ጠመንጃ እዚህ ነበር» አለ። «በእግር መንገዱ ሄዷል ማለት ነው። እንከተለው።»

«ባልታጨደው ማሽላ ውስጥ አንድ ሰው የት ታገኛለህ?» አልኩት። «በመኪና መንገዱ እንቅደመውና አያ ዘለቀን እናሽሻቸው። እሳቸው ከሌሉ የሚገድለው ሰው አይኖርም።»

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን መዝግቡልኝ። ሞላ የነዳው እኔ ባልኩት መንገድ ነው።

እርሻው ላይ ስንደርስ አቧራው ሰማይ ደርሷል። የማሽላ መውቂያው ማሽን ከትራክተር ጋር ተያይዞ ይጮኻል፣ የቀን ሠራተኞች ነዶ እያቀበሉ ያጎርሱታል። እዚያ ማሽን አጠገብ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው ጆሮ ላይ ተለጥፎ ነው። አያ ዘለቀን ሞላ አሳየኝ። በጭንቅላቴ ሌላ ሰው ነበር የሠራሁት፤ ያየሁት ግን አፍንጫቸውን በጨርቅ የሸፈኑ፣ የጎበጡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነው። ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

«ማሩ እየመጣ ነው! መሣሪያ ይዟል! ሊገድልዎት ነው፣ ይሽሹ!»

ጨርቁን ከአፍንጫቸው አወረዱት። «ዛሬ ነው?» አሉ። የሚጠብቁት ሰው የመጣ ይመስል ነበር አጠያየቃቸው።

«ይሽሹ እንጂ አያ ዘለቀ!»

«ወዴት? ማዶው በጦርነት ይነድዳል። ደጋ ዘመድ የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ እርሻ ሌላ የማልገባበት ቤት ሆኗል አገሩ ሁሉ።» ሠራተኞቹን በእጃቸው እየገፉ ከተጎታቹ ጀርባ አስቀመጧቸው። ከትራክተሩ መቀመጫ ሥር ጠመንጃቸውን አወጡ። ሾፌሩ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል በእጃቸው ከለከሉት፣ ማሽኑ ከቆመ ማሩ ይጠረጥራል ማለታቸው ነው።

ዘልዬ ማጥፋት እችል ነበር። የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ፣ ማጥፊያ የት እንዳለ አይጠፋኝም። አላጠፋሁትም። ስለ ማሽኑ ማሰብ አልመጣልኝም።

ማሩ ከማሽላው ውስጥ ወጣ። የሰርጉን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ነው። ጠመንጃውን በግራ እጁ ከመሃሉ ይዞታል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። ቀኝ እጁን ከፍቶ ወደ ላይ አንሥቷል። አፉ ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር እየደጋገመ ይናገራል፣ እየተናገረ ይራመዳል።

«ማሩ! ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ። ሰርግ በሙሉ የሚሸፍነው ድምፄ ከመውቂያው ሥር ጠፋ። እኔው ራሴ አልሰማሁትም።

ተኩሱንም አልሰማሁትም። የአያ ዘለቀ ትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ አየሁ። ማሩ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሾፌሩ ያን ጊዜ ሞተሩን አጠፋው።

ሮጬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ነጠላዬን ሆዱ ላይ ተጫንኩ፣ ደሙ በጣቶቼ መካከል ይወጣል። አያ ዘለቀ መጥተው ከጎኑ የወደቀውን ጠመንጃ አነሡ። አገላበጡት፣ ሳቡት፣ ውስጡን አዩት።

«የጥይት ካዝና የለውም» አሉ። ቀጥለውም «ባዶ ነው» አሉ። ቁጢጥ ብለው ወደ እኔ አዩ። «አንች ልጅ፣ ሊገድል ነው አላልሽኝም?»



በትራክተሩ ተጎታች ኮኪት አደረስነው፣ ከዚያ ዕቃችንን ባመጣው አይሱዙ ወደ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። ሞላ እግሩን ይዟል፣ እኔ ጭንቅላቱን። መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ግማሽ መንገድ ላይ ዓይኑን ከፈተ።

«ምን እያልክ ነበር?» አልኩት። «ስትመጣ ምን ትል ነበር?»

«ያዝልኝ» አለ። ትንፋሽ እያጠረው ነው። «አያ ዘለቀ፣ ያዝልኝ ነው ያልኩት። ጠመንጃው ቤቴ ውስጥ ካለ እናቴ አትተወኝም። አንድ ቀን አነሣዋለሁ። እሱ ጋ ቢሆን… አልችልም ነበር። ካዝናውን ጉድጓዱ ውስጥ ተውኩት።»

«አልሰማንህም ማሩ። ማሽኑ…»

«አውቃለሁ» አለ። ቆይቶ፣ «አታውቂም ነበር። ፊትሽን አይቻለሁ፣ አታውቂም ነበር» አለኝ።

 ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የገንዳ ውሃ ቆርቆሮዎች መታየት ሲጀምሩ፣ ሞላ የማሩን እግር ለቀቀና በሁለት እጁ የራሱን ፊት ሸፈነ።

አያ ዘለቀ በዚያው ቀን እጃቸውን ሰጡ። እኔና ሞላ ያየነውን ለፖሊስ ተናገርን፣ ፈረምን። ባንዱ በዚያው ተበተነ። ሞላ ከበሮውን ሸጦ ወደ መተማ ዮሐንስ ተመለሰ። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ፣ ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ ነው።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን የኮሌጁ ጥበቃ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። በሩ ላይ እማማ የሺ ቆመዋል። እንዳየኋቸው ልቤ በቁጣ ሞላ፤ በእኔ አፍ ልጅዎን ገደሉ ብዬ ልጮህባቸው ነበር። ጠጋ ስል ግን የሰው ቅሪት ሆነዋል፣ አንገታቸው ራሳቸውን አይሸከምም። ግንቡ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው።

«አገሩ ሁሉ ልጅሽ የወንድሙን ደም ሲመልስ ወደቀ ይለኛል» አሉ። «አንች አጠገቡ ነበርሽ። እውነት ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ነገርኳቸው፤ ባዶ ጠመንጃ መሆኑን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ካዝና፣ «ያዝልኝ» ማለቱን። ካዝናውን አግኝተውት ኖሯል። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝና መልሰው ቋጠሩት።



«ለማን ለማን ነግረሻል?»

«ፖሊስ ያውቃል። ሞላ ያውቃል።»

«ይብቃ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ» አሉ። እጄን ያዙኝ። «ሁለት ቀበርኩ፣ ልጄ። የመጀመሪያውን ‹ደሙ የቀረ› እያሉ አስለቀሱኝ። ሁለተኛውን ደግሞ እኔ… እኔ ነኝ የላክሁት። በከንቱ ነው የላክሽው ብለሽ አትንገሪብኝ። ወንድ ሆኖ ሞተ ብዬ ላልቅሰው።»

እሺ አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ያን ቀን ያየኋቸው ሴት ያን ያህል ቢለምኑኝ እሺ የማልላቸው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አልዘፈንኩም። ዛሬ ገንዳ ውሃ ውስጥ የቤት መብራት እዘረጋለሁ፣ መሰላል ላይ ስወጣ የሚያየኝ ሁሉ ያቺ ዘፋኝ እኮ ናት ይላል። ጠባዬም ተለውጧል። ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ ቶሎ አልደግመውም። «ምን ለማለት ነው? ማንን ነው?» እላለሁ። ነገረኛ ሆንሽ ይሉኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማይክ ባትይዙም ስልክ ይዛችኋል፣ ደርሷችሁ የምታስተላልፉት ነገር አይጠፋም። እኔ የከፋ ሰው አልነበርኩም። ተንኮልም አልነበረኝም። ቃል የማላዛንፍ፣ ሥራዬን የምወድ ልጅ ነበርኩ፣ ሰው ለመግደል ይህ በቂ ነው።

ቃሌን ግን ዛሬ አፍርሻለሁ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የአምፖል ሥራ ኖሮኝ ድሮ የምንጫወትበት ግቢ ገባሁ። አዲስ ባንድ አለ፣ የኮሌጅ ልጆች ናቸው። ኪቦርዱን የሚነካው ልጅ ጎበዝ ነው። ዘፋኙ ግጥም ተቀበለ፤

ማር መስሏቸው ነበር ማሩ እስኪመራቸው፣
ጠመንጃውን ይዞ ገሠገሠላቸው።

ወጣቱ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ፎከረ። ግጥሙን የሰጠው የማሩ የአጎት ልጅ ነው፣ ነርስነት ይማራል። ዓይኑ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ከእሱ ሦስት ወንበር ራቅ ብሎ ደግሞ የአያ ዘለቀ ልጅ ብርጭቆውን ሳያነሣ መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል። ሥራዬን ትቼ ከመሰላሉ ወረድኩ።

እማማ የሺ ይህን ሲሰሙ ይረግሙኛል። ይርገሙኝ። ያ ዘፈን ግን በየሰርጉ እየዞረ ነው፣ እናንተም ጋ ይደርሳል። ስትሰሙት ጠመንጃ መያዙ እውነት መሆኑን ዕወቁ። አያያዙን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። አፈሙዙ ወደ መሬት ነበር፣ ቀኝ እጁ ባዶ ነበር፣ አፉ «ያዝልኝ» ይል ነበር።